«ሟች» እና «አቅኚ አባት»፤ በጣና ዳርቻ የውርስ ሕግ ሙታን የተጠሩባቸው ሁለት ስሞች

፩ መግቢያ

በሕግ ቋንቋ የሞተ ሰው በምን ስም እንደሚጠራ መመርመር፣ በመጀመሪያ ሲያዩት የሰዋስው ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ሕግ ለሞተ ሰው የሚሰጠው ስም ሕያዋን ከሙታን ምን እንደሚቀበሉ፣ ማን እንደሚወርስና ማን ባዶ እጁን እንደሚቀር ከመወሰን ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከሰዋስው አልፎ የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ ጥያቄ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በፍርድ ቤቶቻችን «ሟች» የሚባለውን ቃል ትርጕምና ምንጭ መግለጽ፣ ቀጥሎም በባሕር ዳር አካባቢና በጣና ዳርቻ፣ በጠቅላላውም በጎጃም፣ በርስት ሙግት ዋናውን ሥፍራ ይዞ ከኖረው «አቅኚ አባት» ከሚለው ስም ጋር ማነጻጸር ነው።

ጥያቄው ወደ አእምሮዬ የመጣው በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ ነው። የውርስ ሕግን ታሪክ ያስተምሩን የነበሩ መምህር፣ የፈረንሳይ ሕግ ዐዋቂዎች የሞተውን አውራሽ «ደ ኩዩስ» በሚል የላቲን ሐረግ ቍራጭ እንደሚጠሩት ካስረዱን በኋላ፣ በአገሬ ቋንቋ ምን እንደሚባል ጠየቁኝ። «ሟች» ይባላል አልኋቸው። ትርጕሙን ቢጠይቁኝ «የሚሞት» ማለት ነው ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ የሞተ ሰው እንዴት ገና የሚሞት ይባላል ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያን ጊዜ በቂ መልስ አልነበረኝም።

ወደ አገሬ ተመልሼ በጣና ዳርቻ ስለ ቀድሞው ርስት ሽማግሌዎችን በምጠይቅበት ጊዜ ጥያቄው በሌላ መልክ ተደገመ። አንድ አዛውንት ቤተ ሰባቸው በዘመነ ርስት ይዞት የነበረውን መሬት ሲያሳዩኝ፣ «ይህን የወረሳችሁት ከማን ነው? ሟቹ ማን ነበሩ?» አልኋቸው። የወላጅ አባታቸውን ስም ይጠራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ተሻግረው የአንድ ጥንታዊ ሰው ስም ነገሩኝ። ስለ ወላጅ አባታቸው ብጠይቃቸው ደግሞ፣ «እርሱማ እንደ እኔው ተካፋይ ነበረ» አሉኝ። መምህሬ ያነሡት ጥያቄና የአዛውንቱ መልስ አንድ ላይ ሊታዩ እንደሚገባቸው የተረዳሁት በዚያን ዕለት ነው።

፪ የ«ሟች» ሰዋስው

የ«ሟች» ሥር «ሞተ» ነው። ይህ ሥር የሴማውያን ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ሲሆን፣ በዕብራይስጥ «ሜት»፣ በዐረብኛ «መይት» የሚባሉት ቃላት ከዚሁ የተገኙ ናቸው። ግዕዝ ከዚህ ሥር ሁለት መልኮችን ያወጣል። አንደኛው «ምዉት» ነው፤ ይኸውም ሞቱ የተፈጸመበትን ሰው ያመለክታል። በቤተ ክርስቲያን ዘወትር የሚሰማው «ሙታን» የሚለው ብዙ ቍጥርም የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው «መዋቲ» ነው፤ እርሱም ሞት የማይቀርለትን ፍጡር ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1865 የግዕዝን መዝገበ ቃላት በላቲን ያሳተመው ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማንም ሁለቱን ለያይቶ፣ ፊተኛውን «የሞተ»፣ ኋለኛውን «ሞት የሚገባው» በሚል ትርጕም አስቀምጧቸዋል።

አማርኛ ከሁለቱም ወርሷል። ከፊተኛው ወገን «ሙት» የሚለውን ይዞ «ሙት ዓመት» ይላል። ከኋለኛው ወገን የሆነው «ሟች» ነው። የአወጣጡ መንገድ ግልጽ ነው፤ «ሮጠ» ብሎ «ሯጭ»፣ «ቆመ» ብሎ «ቋሚ»፣ «ጾመ» ብሎ «ጿሚ» እንደሚል፣ «ሞተ» ብሎ «ሟች» ይላል። በመጨረሻ የነበረው የ«ኢ» ድምፅ «ት»ን ወደ «ች» ለውጦ ራሱ ቀርቷል። ስለዚህ «ሟች» በመልኩ የአድራጊ ስም ነው። ሰው ሁሉ ሟች ነው በምንልበት ጊዜ ገና በሕይወት ያለውን ሁሉ፣ ራሳችንንም ጭምር፣ ማለታችን ነው። በችሎት ግን «ሟች» ስንል አንድን የታወቀና በእርግጥ የሞተ ሰው ማለታችን ነው።

ይህ ተቃራኒ የሚመስል ነገር የሚፈታው የአማርኛ የአድራጊ ስም ጊዜን የማይለይ መሆኑን በማስተዋል ነው። «ሻጭ» የሸጠውንም የሚሸጠውንም፣ «ከሳሽ» የከሰሰውንም የሚከሰውንም ያመለክታል፤ «ወላጅ»ም ልጁ ከሸመገለ በኋላ እንኳ ወላጅ መባሉ አይቀርም። የአድራጊ ስም የሚነግረን ድርጊቱ መቼ እንደ ተፈጸመ ሳይሆን በጉዳዩ ውስጥ ያ ድርጊት የማን ድርሻ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ «ሟች»ን «የሚሞት» ብዬ ለመምህሬ መተርጐሜ ስሕተት ነበረ። የችሎቱ «ሟች» ትርጕሙ «በዚህ ጉዳይ የመሞት ድርሻ የደረሰው ሰው» ማለት ነው።

፫ በችሎት የሙታን መቀመጫ

የፍርድ ቤት አማርኛ ባለጉዳዮችን የሚያስቀምጠው በአድራጊ ስሞች ነው። «ከሳሽ»ና «ተከሳሽ»፣ «ሻጭ»ና «ገዥ»፣ «አበዳሪ»ና «ተበዳሪ»፣ «አውራሽ»ና «ወራሽ»፣ «ገዳይ»ና «ሟች» ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ናቸው። በዚህ ረድፍ ውስጥ «ሙት» ወይም «ምዉት» ቢገባ እንግዳ ይሆን ነበር፤ እርሱ ሁኔታን የሚገልጽ እንጂ የባለጉዳይነትን ሥፍራ የሚሰጥ ቃል አይደለምና።

ሌሎቹም የሙታን ስሞች ለዚህ ሥፍራ አይመቹም። «ሬሳ»፣ «አስከሬን» እና «በድን» ሥጋን ብቻ ይጠራሉ። «ነፍስ ኄር» የሚለው ደግሞ ነፍስን ይባርካል፤ የሚያዝን ሰው ይናገረዋል እንጂ የሚፈርድ ሰው አይናገረውም። «አረፉ» የሚለው ግሥ ለአዛውንትና ለካህናት የሚገባ የአክብሮት ቃል ስለሆነ ማዕርግን ይለያል። «ሟች» ግን ሥጋንም ነፍስንም ሳይሆን ሰውየውን ይጠራል፤ ባለ ርስቱንም፣ ሸማኔውንም፣ መኰንኑንም፣ ገረዲቱንም በአንድ ስም ያስተካክላል።

ቃሉ ወደ ውርስ ነገር የገባው ከደም ነገር ይመስለኛል። በነፍስ ግድያ ሙግት የተገደለውን ሰው፣ ማዕርጉ ከፍ ያለም ይሁን ዝቅ ያለ፣ በአንድ ቃል መጥራት ግድ ነበረ፤ የሟች ወገን «ባለ ደም» ሆኖ የሚቆመው በእርሱ ስም ነውና። በውርስ ነገር ግን «አባት»፣ «አውራሽ»፣ «ተናዛዥ» የሚሉ ሌሎች ቃላት ስለነበሩ እንዲህ ያለው አስገዳጅ ምክንያት አልነበረም።

ከነዚህ ውስጥ «አውራሽ» የሚለው ልዩ አስተያየት ይገባዋል። ትርጕሙ «እንዲወረስ የሚያደርግ» ማለት ሲሆን፣ በዐረብኛ የእስልምና የውርስ ሕግ ሊቃውንት ከሚጠቀሙበት «ሙወሪስ» ከሚለው ቃል ጋር በሥርም በአሠራርም ይገጥማል። «ተናዛዥ» ደግሞ ኑዛዜ የሚያደርገው ሰው ነው። «ኑዛዜ» ከግዕዙ «ናዘዘ»፣ ማለት ከ«አጽናና» የወጣ ሲሆን፣ ለንስሐ አባት ኀጢአትን መናገርንም፣ ስለ ገንዘብ የመጨረሻ ቃል መስጠትንም ያመለክታል። በአልጋ ላይ ያለው ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ካህን ፊት ይፈጽማቸው ስለነበር፣ ለሁለቱም አንድ ቃል በቅቷል።

ሌሎች ሕዝቦች ያደረጉትን ማየት የእኛን ምርጫ ያብራራልናል። የፈረንሳዩ «ደ ኩዩስ» ሙሉው የላቲን ሐረግ ተቈርጦ የቀረ ሲሆን፣ «ስለ እርሱ ውርስ ጉዳይ የሚነጋገሩበት» የሚለውን የሮማውያን አነጋገር ያመለክታል፤ ሞትን ከቶ አያነሣም። «ዴፉን» የሚለው ሌላው የፈረንሳይ ቃል ከላቲን የመጣ ሆኖ «ሥራውን የጨረሰ» እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ ሕግ የተለመደው «ዲሲደንት» ደግሞ «የሄደ» ማለት ነው። ዐረቦች «ሙተወፋ» ሲሉ «በሙሉ የተወሰደ» ማለታቸው ነው። እነዚህ ሁሉ ሞትን በሌላ ቃል ይሸፍኑታል፤ የአማርኛው «ሟች» ግን ሞትን በግልጽ ስሙ ጠርቶ፣ ለሞተው ሰው ከባለጉዳዮች መካከል መቀመጫ ይሰጠዋል።

፬ የጣና ሙታን

ከዚህ በላይ የተገለጸው ለአገሪቱ የአማርኛ ችሎት ሁሉ የሚሠራ ነው። አሁን ወደ ጣና ዳርቻ እንለፍ። በዚህ ሥፍራ ሙታን በሕያዋን ኑሮ ላይ ያላቸው ሥልጣን ጐልቶ ይታያል። በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት በሣጥን ተጠብቀው የሚኖሩት አስከሬኖች የዐፄ ይኵኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል እንደሆኑ የገዳሙ ትውፊት ይናገራል። በዘጌ ልሳነ ምድርም መሬቱ በበሬ እንዳይታረስ የከለከለው የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን እንደሆነ ይነገራል፤ የዘጌ ሰው በቡናና በልዩ ልዩ ተክል መኖሩን ከዚሁ ቃል ጋር ያያይዘዋል። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያረፈ አንድ መነኵሴ ትእዛዝ የአንድን አገር እርሻ የሚወስን ከሆነ፣ በዚህ አካባቢ ሞት ሰውን ከሕግ እንደማያስወጣው እንረዳለን።

ይሁን እንጂ በገበሬው ዕለታዊ ኑሮ ከሁሉ የበለጠ ሥልጣን የነበራቸው ሙታን ነገሥታቱም ቅዱሳኑም አልነበሩም። አቅኚ አባቶች ነበሩ።

፭ አቅኚ አባት

«አቅኚ» የሚለው ቃል «አቀና» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አገር አቀና ሲባል ጫካ መንጥሮ፣ ድንጋይ ለቅሞ፣ ምድሩን ለሰው መኖሪያና ለእርሻ የተዘጋጀ አደረገ ማለት ነው። የቃሉም አሠራር እንደ «ሟች» ነው፤ በዚያ «ት» ወደ «ች» እንደ ተለወጠ፣ በዚህም «ን» ወደ «ኝ» ተለውጧል። ሁለቱም የአድራጊ ስሞች ናቸው። ልዩነታቸው አንዱ የሞተውን ሰው በመሞቱ፣ ሌላው በሠራው ሥራ መጥራቱ ነው።

በጎጃም የርስት ሥርዐት የአንድ አጥቢያ መሬት በልዩ ልዩ አባቶች ስም የተከፋፈለ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ያቀናው ወይም የያዘው ነው በሚባል ሰው ስም ይጠራል። ይህ ሰው «አቅኚ አባት» ወይም «ዋና አባት» ይባላል። የእርሱ ልጆች «ምንዝር አባት» ይባላሉ፤ «መነዘረ» ማለት ትልቁን ወደ ትንንሽ ከፋፈለ ማለት ነውና። መሬቱ በመጀመሪያ በምንዝር አባቶች ቍጥር ይከፈላል፤ ከዚያም የእያንዳንዱ ዘር ድርሻውን እንደገና ይከፋፈላል። ለምሳሌ አንድ አቅኚ አባት አራት ልጆች ቢኖሩት፣ ለእያንዳንዱ ምንዝር አባት ዘር የመሬቱ አንድ አራተኛ ይደርሰዋል። ከአራቱ አንደኛው ሁለት ልጆች፣ ሌላው ስድስት ልጆች ወልደው እንደሆነ፣ የፊተኛው ልጆች ለእያንዳንዳቸው አንድ ስምንተኛ፣ የኋለኛው ልጆች ግን ለእያንዳንዳቸው አንድ ሃያ አራተኛ ያገኛሉ። እንግዲህ የድርሻው መጠን የሚወሰነው በሕያዋን ቍጥር ሳይሆን በሙታን አቀማመጥ ነበረ። የዘሩን ጉዳይ የሚጠብቅ አንድ ተወካይ፣ «ፈጅ» የተባለ፣ ይመረጥ ነበር፤ ይህም «ነገረ ፈጅ» በምንለው ውስጥ ያለው ቃል ነው።

በዚህ ሥርዐት የትውልድ ሐረግ በአባትም በእናትም ይቈጠራል። ስለዚህ ሴት ልጅ ርስት የማግኘትና ለልጆቿ የማስተላለፍ መብት ነበራት። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው የሚጠቅሳቸው አባቶች ብዙዎች ነበሩ። ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች እያልን ሰባት ትውልድ ብንወጣ፣ በዘመዳሞች መካከል ጋብቻ ከሌለ፣ ቍጥሩ 128 ይደርሳል። ከነዚህ ሁሉ ድርሻውን መጠየቅ የሚችል ሰው አልነበረም፤ የሚጠይቀው ስማቸውን ካወቃቸው፣ ምስክር ካገኘላቸውና የዘሩ ሰዎች ከተቀበሉለት ነው። የጎጃምን የመሬት ይዞታ አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው አላን ሆበንም ይህን ሥርዐት በሰፊው ገልጾታል።

ከዚህ የምንረዳው አዛውንቱ የሰጡኝ መልስ ትክክለኛ የሕግ መልስ እንደነበረ ነው። «ርስት» የሚለው ቃል ራሱ «ወረሰ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ስለሆነ፣ ትርጕሙ «የተወረሰ» ማለት ነው፤ አውራሹ ግን ትናንት የተቀበረው ሰው አይደለም። ወላጅ አባት ሲሞት ተካፋይ ቀነሰ እንጂ አዲስ ውርስ አልተከፈተም። ልጁ በአባቱ እግር የሚገባው እርሱም የአቅኚው ዘር ስለሆነ ነው። ውርሱ ከአቅኚው ዘመን ጀምሮ ክፍት ሆኖ ቈይቷል፤ መዝጊያም አልነበረውም። የአቅኚ አባት ስም በየሙግቱ ይጠራ፣ ልጆቹም እንደገና ይቈጠሩ ነበር።

፮ አቅኚ አባት ያልተቈጠረላቸው

አንድ ሥርዐት መሬትን በሙታን ስም የሚያከፋፍል ሲሆን፣ ሙታናቸው በአቅኚነት ያልታወቁላቸው ሰዎች ምን እንደሚሆኑ መጠየቅ ይገባል። የጣና ዳርቻ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ይሰጠናል።

በሐይቁ ዳር ወይጦ በመባል የሚታወቁት ሰዎች ከደንገል ታንኳ በመሥራት፣ ዓሣ በማጥመድ፣ የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብና ቀድሞ ጕማሬ በማደን የኖሩ ናቸው። በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎንደር የመጣው የስኮትላንዱ ተጓዥ ብሩስ ስለ እነርሱ ጽፏል። በሃይማኖታቸው እስላሞች ቢሆኑም፣ ጕማሬ ይበላሉ በመባላቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ርቋቸው ኖሯል። በሐይቁ ዳርቻ ላይ ጥንታዊ ነዋሪዎች መሆናቸውን ጎረቤቶቻቸውም ይናገራሉ፤ ነገር ግን በርስት ቈጠራ አልገቡም። ሐይቁን ማወቅ፣ ደንገሉን ማጨድና ታንኳውን ማሰር እንደ ማቅናት አልተቈጠረም። ምድርን በማረሻ ያልነካ ሰው «አቅኚ» አይባልምና፣ የእነርሱ ሙታን በአጥቢያው መዝገብ ሥፍራ አልነበራቸውም።

ከሐይቁ በስተሰሜን በደምቢያና በዙሪያው የኖሩት ቤተ እስራኤልም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። ከ1414 እስከ 1429 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳወጁ የታሪክ ትውፊት ይተርካል። ትውፊቱን ሊቃውንት በልዩ ልዩ መንገድ ቢተረጕሙትም፣ ስለ ርስት የሚያስተምረን ነገር ግልጽ ነው፤ ሰውን መሬት አልባ ለማድረግ ከአባቱ ስም መለየት ይበቃ ነበር። አባቶቻቸው በሥጋ ጠፍተው አይደለም፤ በሕግ ፊት መጠራታቸው ስለተከለከለ ነው።

ስለዚህ «አቅኚ አባት» የሚለውን ስም የአበው ክብር መግለጫ አድርገን ብቻ ልናየው አይገባም። ስሙ በር ነበረ፤ በር ደግሞ ያስገባልም፣ ያግዳልም።

፯ የፍትሐ ብሔር ሕግና የ«ሟች» መስፋፋት

ከ1952 ዓ.ም. በፊት ለአገሪቱ የተጻፈ ሕግ ምንጭ የነበረው ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፃዊው ሊቅ በአስ-ሳፊ ኢብን አል-ዐሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ሲሆን፣ 51 አንቀጾች አሉት። ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስም ይደነግጋል። ነገር ግን በገጠር የርስት ነገር ሲነሣ ሽማግሌውም ዳኛውም የሚሄዱበት መንገድ በአብዛኛው የአጥቢያው ልማድ ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሁኔታ በጽሑፍ ለወጠው። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ከዚያም ወደ አማርኛ ተመለሰ። «ደ ኩዩስ»ን የለመደው የፈረንሳይ የውርስ ሕግ አስተሳሰብና የችሎቱ «ሟች» የተገናኙት በዚህ ሥራ ነው። ሕጉ በመጀመሪያው ቍጥሩ የሰውን መብት ከልደት እስከ ሞት ይወስናል፤ ስለዚህ በሕጉ ዐይን የሞተ ሰው መብት የለውም። በቍጥር 826 ውርስ የሚከፈተው በሟቹ ሞት ጊዜ፣ ዋና መኖሪያው በነበረበት ሥፍራ መሆኑን ይደነግጋል። በቍጥር 837 ጾታና ዕድሜ የወራሽነትን መብት እንደማይለውጡ፣ በቍጥር 842 በመጀመሪያ የሚወርሱት የሟቹ ልጆች መሆናቸውንና ድርሻቸውም እኩል መሆኑን ያስረዳል። በቍጥር 3347 ደግሞ ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበሩትን የተጻፉና የልማድ ሕጎች ይሽራል።

እነዚህን ድንጋጌዎች ከርስት ሥርዐት ጋር ብናነጻጽር ለውጡ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ይታየናል። በሕጉ አውራሹ አንድ ነው፤ የሞተበት ቀን ይታወቃል፤ ውርሱም ተከፍቶ፣ ተጣርቶ፣ ተካፍሎ ይዘጋል። በርስት ግን አውራሹ የጥንት ሰው ነው፤ የሞተበትን ቀን የሚጠይቅ የለም፤ ውርሱም አይዘጋም።

ባሕር ዳር ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን የታዩባት ከተማ ናት። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሥራ ሲጀምሩ፣ ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛቶች ሠራተኛና ተማሪ ወደ ከተማዋ ገባ። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ሲሞት የሚተወው ደመወዝ፣ የቤት ዕቃ፣ ምናልባትም አንድ ቤት ነው እንጂ በዚያ አገር አቅኚ አባት የለውም። ለእርሱ ልጆች የሕጉ «ሟች» በልክ የተሰፋ ልብስ ነበረ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አጥቢያ ግን ገበሬው በአባቶቹ ስም መሟገቱን አልተወም።

መሬቱን ከአባት ስም ለይቶ በግለሰብ ስም ያስመዘግባል ተብሎ የተፈራ ማናቸውም እርምጃ በጎጃም ብርቱ ተቃውሞ ያስነሣ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የሆነው ይህ ነው። ገበሬው የገቢ ግምቱን እንደ መሬት ልኬታ፣ ልኬታውንም እንደ ርስት መነጠቂያ አድርጎ አየው። ተቃውሞው እስከ 1961 ዓ.ም. ዘለቀ፤ መንግሥትም ጦር ላከበት። የጠቡ መነሻ የግብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ በማን ስም ይጠራ የሚለውም ጥያቄ ጭምር ነበረ።

የርስትን ሥርዐት በሕግ የፈጸመው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቍጥር 31 ነው። በዚህ ዐዋጅ ባለ ይዞታ ሲሞት በመሬቱ የመጠቀም መብት ለባል ወይም ለሚስትና ላልደረሱ ልጆች፣ እነርሱ ከሌሉ ለደረሰ ልጅ እንዲተላለፍ ተወሰነ። በአንድ ጊዜ የሰባት ትውልድ ሐረግ ወደ አንድ ቤተ ሰብ አጠረ። ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በኋላም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ሲቀጥል፣ የአማራ ክልል በ1992፣ በ1998 እና በ2009 ዓ.ም. ባወጣቸው የገጠር መሬት ዐዋጆች የይዞታ መብት በውርስ የሚተላለፍበትን መንገድ ደንግጓል። ዛሬ በጣና ዳርቻ የእርሻ መሬት ውርስ ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ዳኛው የሚጠይቀው በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ የተጻፈው ሟች ማን እንደሆነ ነው። አቅኚውን የሚጠይቅ የለም።

፰ መደምደሚያ

እንግዲህ በመግቢያችን ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። «ሟች» የአድራጊ ስም መልክ ያለው፣ ከግዕዙ «መዋቲ» ጋር የሚዛመድ፣ በችሎትም የባለጉዳይነትን ሥፍራ የሚሰጥ ቃል ነው። «አቅኚ አባት»ም እንደዚሁ። ሁለቱም ሙታንን በሕያዋን ጉባኤ መካከል ያስቀምጣሉ። ነገር ግን ሙታን የሚቀመጡበትን ምክንያት ይለያያሉ። አቅኚው የሚቀመጠው ምድርን ስላቀና ነው፤ የእርሱ ወራሽ ለመሆን ስሙን እስከ እርሱ ድረስ መቍጠር፣ ቈጠራውንም ጎረቤት እንዲቀበል ማድረግ ያስፈልጋል። ሟች የሚቀመጠው ስለ ሞተ ብቻ ነው፤ የእርሱ ወራሽ ለመሆን ልጁ መሆን ይበቃል።

ከዚህ የተነሣ አንዱን ስም በሌላው መተካት የቃል ለውጥ ብቻ አልነበረም። በለውጡ የቀረብን ነገር አለ፤ ተራው ገበሬ የሰባትና የስምንት ትውልድ ታሪክን በቃሉ የያዘው የሕግ ግዴታ ስለነበረበት ነው፤ ግዴታው ሲቀር ዕውቀቱም እየቀረ ነው። በለውጡ ያገኘነውም ነገር አለ፤ ይኸውም ማንም ሰው ሟች መሆኑ ነው። የወይጦው ታንኳ ሠሪ በአጥቢያው አቅኚ አባት ባይቈጠርለትም፣ በሞተ ጊዜ ግን ሕጉ «ሟች» ብሎ ይጠራዋል፤ ልጆቹንም «ወራሾች» ይላቸዋል። ይህ ቃል የማንንም የዘር ሐረግ አይጠይቅም።

ለታሪክ ተማሪዎች የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በርስት ጉባኤ የተቀመጡ ሰዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። በየአጥቢያው የአቅኚ አባቶችንና የምንዝር አባቶችን ስም፣ የየክፍሉን ወሰንና ስለ ሙግቶቹ የሚነገረውን ሁሉ ከእነርሱ አፍ መጻፍ ጊዜ የማይሰጥ ተግባር ነው። ይህንም ስናደርግ በመዝገቡ የተጠሩትን ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው ዳርቻ ኖረው ያልተጠሩትንም ጠይቀን መጻፍ ይኖርብናል። የአንድ አገር ታሪክ የሚሟላው ሁለቱም ሙታን፣ አቅኚ የተባሉትና ሟች ብቻ የተባሉት፣ በአንድነት ሲቈጠሩ ነው።